በሞቴ የማይባልበት አገር

ደባርቅ ውስጥ የገበያነሽን ልጅ የማያመሰግን ጎረቤት አልነበረም። እስከዳር ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሏም አንደኛ ትወጣለች፤ የሰፈሩ ሰው የሚያመሰግናት ግን በትምህርቷ አይደለም። ሰው ቤት ገብታ ምግብ ሲቀርብላት አንገቷን ሰበር አድርጋ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ሲደግሙላት «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሲሏት ነው ብድግ ብላ እጇን የምትታጠበው፤ ያኔም ከፊት ለፊቷ ካለው አትወጣም። የሌላ ሰው ልጅ መሶቡ ሳይከፈት ጉልበቱን አጥፎ ሲጠብቅ የእሷ እንዲህ መሆኗ ለገበያነሽ ከአንገት ወርቅ ይበልጥባት ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ጥምቀት እንዳለፈ እስከዳር ስኮትላንድ እንድትሄድ ተመረጠች። ትምህርት ቤቷ እዚያ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ወዳጅነት ነበረው። የዚያ ልጆች ባለፈው ዓመት መጥተው ጭላዳውንና ዋልያውን አይተው ተመልሰዋል፤ አሁን ደግሞ የእኛዎቹ በተራቸው በግንቦት መጨረሻ ሄደው በየቤተሰቡ ጥቂት ቀን ሊሰነብቱ ነው። ከወላጅ የሚፈለገው አንድ መልስ ብቻ ነበር። ልጃችሁ ለዚህ መንገድ ዝግጁ ናት ወይ?

አባቷ ደምለው ነገሩ ተነግሮ ሳያልቅ «ዝግጁ ናት» አለ። ደምለው የፓርኩ ስካውት ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ ከፈረንጅ ፊት ፊት እየሄደ ከሳንቃ በር እስከ ራስ ደጀን ያለውን መንገድ እንደ ግቢው ያውቀዋል። ፈረንጅ ማለት ለእሱ ቶሎ የሚደክመው፣ ፀሐይ የሚያቀላው፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ገበያነሽ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንደ ነጭ ሽንኩርት በአንድ ጠዋት ተገበያይቶ አያልቅም ብላ የእንግሊዝኛ አስተማሪውን ቤቷ መጥቶ እንዲያስረዳት አስጠራችው።

መምህር አንዱዓለም በምሳ ሰዓት መጣ። ለምሳ ሲጋበዝ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ቀረበ። ገበያነሽ ስለ አውሮፕላኑ ጠየቀችው፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደ መዋል ነው አላት። ስለ ብርዱ ጠየቀችው፤ ከደባርቅ አይብስም አላት። ሁሉም ነገር በመልካም እየሄደ ሳለ ሆዱ ሞላና ጨዋታ አማረው። ያለፈው ዓመት ለዝግጅቱ ብሎ ራሱ እዚያ ሄዶ ነበር። የገባበት ቤት ሴትዮ የመጀመሪያው ማታ እራት ይበላ እንደሆን ስትጠይቀው እንደ ጨዋ ሰው «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አላት። እሷም ደስ ብሏት ሳህኑን አነሳችና ደህና እደር ብላው ገባች። በማግስቱም እንዲሁ። ሊሞት ሲደርስ ነው ነገሩ የገባው፤ እዚያ አገር በሞቴ የሚል የለም።

ደምለው ሳቀ። እሱም ካምፕ ላይ ይህን አይቷል፤ ፈረንጅ አንድ ጊዜ ይጠይቅሃል፣ እምቢ ካልክ አምኖህ ይሄዳል አለ። ገበያነሽ ግን አልሳቀችም።

«አንድ ጊዜ ብቻ?» አለች።

መምህሩ የተናገረውን መመለስ ቢችል በወደደ ነበር። ክፋት ሳይሆን የሰውን ቃል ማክበራቸው ነው እያለ ብዙ አስረዳ። ገበያነሽ የሰማችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ በጨዋነቷ ምክንያት ሰው አገር በረሃብ ልትሞት ነው። መምህሩ ከሄደ በኋላ ደምለው ልጂቱ ስትርባት ትለምዳለች ቢላት፣ ሳትለምድ ብትቀርስ ብላ መለሰችለት። በመጨረሻ መጀመሪያ ትፈተን ተባለ።

ቤታቸው ሆኖ መፈተን አይቻልም፤ እስከዳር ከእናቷ መሶብ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው የምትበላው። ጎረቤትም አይሆንም፤ ጎረቤት በጥያቄ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ገበያነሽ ዳባት ያገባችው ታላቅ እህቷ የሺወርቅ ዘንድ ደወለች።

የሺወርቅ ዳባት ውስጥ የታወቀችው በልመናዋ ነው። ቤቷ የገባ እንግዳ የሚበላው ስለራበው አይደለም፤ በሰማዕታቱ ሁሉ ተገዝቶ መውጫ ስለሚያጣ ነው። አንድ የግብርና ባለሙያ ከዚያ ቤት ቀበቶውን በእጁ ይዞ ወጣ ይባላል። ገበያነሽ ለዚህች እህቷ እስከዳር ለዕረፍት ቅዳሜ እንደምትመጣ ነገረቻትና ጉዳዩን አስከተለች።

«እንደ ፈረንጅ ሁኚልኝ። አንድ ጊዜ ጠይቂያት፤ እምቢ ካለች መሶቡን አንሺ። እሷ እንዳታውቅ።»

የሺወርቅ ቀስ ብላ ልጂቱ ምን እንዳጠፋች ጠየቀች። ምንም እንዳላጠፋች፣ ነገሩ ለራሷ ጥቅም እንደሆነ ብዙ ከተነገራት በኋላ በሚካኤል ስም ማለች። ለባሏ ለታገኘ እንዳትነግረውም ተስማሙ። ታገኘ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጠዋት የሰማው ነገር እስከ ቀትር ከደንበኞቹ ልብስ ጋር አብሮ ተጠቅልሎ ገበያውን ያዳርሳል።

ቅዳሜ ጠዋት ደምለው ልጁን መናኸሪያ ወስዶ ሚኒባስ ላይ አሳፈራት። ለሚስቱ ሳይናገር ኪሷን ቆሎ ሞላላት።

የሺወርቅ ደጅ ወጥታ ተቀበለቻት፤ አገላብጣ ሳመቻት፤ ማደጓን አደነቀች። ቤቱ የዶሮ ወጥ ሸትቷል፤ መሐላው ስለ መለመን እንጂ ስለ መሥራት አልነበረምና የሺወርቅ ከንጋት ጀምሮ ስታበስል ቆይታለች። እስከዳር አረፍ እንዳለች መሶቡን አቀረበችና ዐይኗን ወደ ግድግዳው አድርጋ ምሳ ትበላ እንደሆን ጠየቀቻት።

«በልቼ ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አለች እስከዳር አንገቷን ሰበር አድርጋ።

የሺወርቅ አፏን ከፈተች። በሞቴ የሚለው ቃል እስከ ጥርሷ መጥቶ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ መሶቡን አነሳችና ወደ ጓዳ ይዛው ገባች።

እስከዳር መሶቡ የገባበትን በር እያየች ጠበቀች። ሊያሞቁት ይሆናል ብላ አሰበች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ እንጀራ ሊጨምሩበት ይሆናል አለች። የሺወርቅ ባዶ እጇን ተመልሳ መጥታ ስለ ደባርቅ ገበያ ስትጠይቃት ግን አንድ ነገር እንዳለ ገባት። ባለፈው ዓመት በአንድ ዘመድ ተዝካር ላይ እናቷና አክስቷ በተልባ መቅጠን ምክንያት ተቀያይመው ነበር። ቂሙ እስካሁን አልወጣም፤ እኔ ደግሞ ሳይፈልጉኝ መጣሁባቸው ብላ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

እራት ላይ የሺወርቅ ጥያቄውን እንደ መራራ መድኃኒት ባንድ ጊዜ ዋጥ አድርጋ ተናገረችው። እስከዳርም ጠግቤያለሁ አለች። ታገኘ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ ሚስቱን ተመለከታት። የሚቀጥለውን ቃል እየጠበቀ ነበር፤ ቃሉ አልመጣም። ራሱ ሊለምናት «ነይ እንጂ» ብሎ ሲጀምር የሚስቱ ክርን ጎኑ ላይ አረፈ። የሺወርቅ መሶቡን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ታገኘ በበሩ ቀዳዳ ሲያያት በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ትጠርጋለች። እስከዳር የአባቷን ቆሎ እንዳይሰማ አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመች በልታ ተኛች።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ታገኘ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ኪዳነ ማርያምን አጥር ጥግ ያዛቸው። ሚስቱ ክፉኛ እንደታመመችበት ነገራቸው። ራሷን ነው ሆዷን ብለው ጠየቁት።

«አባ፣ በሞቴ ማለት አቆመች» አላቸው።

ቄሱ ፊታቸው ተለወጠ። ያለፈው ኅዳር ሚካኤል በዚያ ቤት በመሐላ ሦስት ጊዜ የበሉ ሰው ናቸው፤ ሴትዮዋን ያውቋታል። ለየትኛው እንግዳ እንዳቆመች ጠየቁት። የገዛ እህቷ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ተጨማሪ አልጠየቁም፤ የጠበሉን ጀሪካን አስይዘውት ከፊቱ ቀድመው ሄዱ።

የሺወርቅ የንስሐ አባቷን በሩ ላይ ስታይ ደነገጠች። ከሌሊት ጀምሮ ቆመው የቀደሱ፣ ከትናንት ወዲህ እህል ያልቀመሱ ካህን ናቸው። እሳቸውን ለምና ልጂቱን ሳትለምን ብትቀር ልጂቱ መጠላቷን ታረጋግጣለች። ካህን አለመለመን ደግሞ ኃጢአት ነው። የማለችበት ሚካኤል ግን ከሁለቱም ይልቅ አስፈራት። መሶቡን አቀረበችና፣

«አባ፣ ምሳ ይቅመሱ?» አለች።

ቄሱ እንደ ደንቡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ይባረክ፣ ጠግበናል አሉ።

የሺወርቅ መሶቡን አነሳች። ቄሱ ዐይናቸው መሶቡን እስከ ጓዳው በር ድረስ ሸኘው። ከዚያ መስቀላቸውን አወጡ። እንቅልፍ ትተኛለች ወይ፣ ሕልም ታያለች ወይ፣ ቅቤ ስትሸት ያቅለሸልሻታል ወይ እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። እሷ መልስ ስታጣ ታገኘ ስለ እሷ ይመልሳል፤ ትናንት ጓሮ ውስጥ ብቻዋን እንዳለቀሰችም ተናገረ። ቄሱ በግዕዝ መድገም ጀመሩ።

እስከዳር ጥግ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ አየች። አክስቷ ቂም ይዛባት እንደሆነ ቂሙ የአክስቷና የእናቷ ነው። ካህን ግን ከዘመዶቿ ቤት ጦማቸውን ወጡ ሲባል፣ ያውም እሷ ባለችበት፣ ይህ አይሆንም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና መሶቡን ተሸክማ መጣች። ቄሱ ፊት አስቀመጠችው። የእጅ ውኃም አመጣች።

«አባ፣ ይቅመሱ እንጂ» አለች።

ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኧረ በሚካኤል» አለች። ጸሎቱ ቀስ አለ።

«በሞቴ፣ አባ፣ አፈር ስሆን።»

«የልጅ ልመና አይናቅም» አሉ ቄሱና እጃቸውን ለውኃው ዘረጉ። ሁለት ጊዜ እንደጎረሱ እሷንም እንድትቀርብ ጠሯት። ጠግቤያለሁ አለች። አፍጥጠው አዩዋትና በያዙት መስቀል ገዘቷት። ያኔ እስከዳር ቀረበች። እንዴት እንደበላች ታገኘ ለብዙ ጊዜ ሲያወራው ኖሯል፤ ከፊቷ ያለውን ጨርሳ የቄሱ ፊት ደርሳለች ይላል።

የሺወርቅ ይህን ስታይ መደቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሁሉንም አወጣችው። ስኮትላንድን፣ እህቷን፣ መሐላውን፣ በሞቴ የማይባልበትን አገር። ቄሱ እየበሉ አዳመጡ። ልጅ ለማስራብ የተማለ መሐላ ሚካኤል እንደማይቀበለው ነገሯትና እሳቸውም በዚሁ እግረ መንገድ አንድ ጭልፋ ወጥ አስጨምረው ይቅር አሏት። ታገኘ ሳይነገረው በመቅረቱ ተቀየመ።

እስከዳር መጉረሷን አቁማ ነበር። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። «ትምህርት ቤት እንኳ መጀመሪያ ያስተምሩናል፣ ከዚያ ነው የሚፈትኑን። ብትነግሩኝ እሺ እል ነበር።»

ቄሱ፣ እስቲ ማታ ይሞከር አሉ።

ማታ የሺወርቅ መሶቡን ይዛ ቆማ እራት ትበላ እንደሆን ጠየቀቻት። እስከዳር ጆሮዋ እንደ ፍም ቀላ። ሰው ፊት ራቁቷን የቆመች ያህል ተሰማት። «አዎ፣ እሺ» አለች። የሺወርቅ እንደዚያ እንድትል እየጠበቀች ነበር፤ ሆኖም ቃሉን በጆሮዋ ስትሰማው መሶቡ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ። እህቷ ዘንድ ደውላ ልጂቱ ፈተናውን እንዳለፈች ስትነግራት ድምፇ ውስጥ ቅሬታ ነበረ። እንዲህ ደርቆ «አዎ» ሲባል ሰምታ እንደማታውቅ፣ ፈረንጆቹ ይህን ሁልጊዜ እየሰሙ እንዴት እንደሚኖሩ ተናገረች።

እስከዳር ሰኞ ደባርቅ ተመለሰች። ገበያነሽ ደስ ብሏት ለመምህሩ መልስ ልትልክ ስትል አንድ ነገር ተፈጠረ። ማክሰኞ ከሰዓት እስከዳር ወንፊት ልትዋስ ጎረቤታቸው ፋንታዬ ቤት ገባች። ፋንታዬ ትኩስ ዳቦ እየቆረሰች ነበርና እንደ ወጉ ትቀምስ እንደሆን ጠየቀቻት። እስከዳር ሁለት ቀን ሙሉ ስትለማመድ የሰነበተችው ነገር ከአፏ አመለጣት።

«እሺ» አለች።

ፋንታዬ ዳቦውን ሰጠቻት። ልጂቱ ከወጣች በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ገበያነሽ ዘንድ መጣች። ቤት ውስጥ ችግር ገብቶ እንደሆነ፣ ካለም እንዳትደብቃት፣ ጎረቤት የሚፈለገው ለክፉ ቀን እንደሆነ በሐዘኔታ ነገረቻት። ገበያነሽ በቁሟ መሬት ብትውጣት ወደደች።

ደምለው ከተራራው ሲመለስ ቤቱ ተኮራርፎ ጠበቀው። ገበያነሽ ጉዞው እንደቀረ ነገረችው። ሳትሄድ እንዲህ ከሆነች ሄዳ ስትመለስ ምን ልትሆን ነው አለች። ጨዋ ልጅ ልካ ባለጌ ከምትቀበል ቢቀርባት ይሻላታል። ደምለው አንድ «እሺ» ያባለገውን ሰው አላየሁም ብሎ ተከራከረ። እሷ እሱ ከጭላዳ ጋር ስለሚውል የሰው ወግ እንደማያውቅ ነገረችው። ክርክሩ ወደ ዘመድ አዝማድ ሊሻገር ሲል እስከዳር መካከላቸው ገባች።

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ» አለች። «እዚህ ብሳሳት እትዬ ፋንታዬ ታማኛለች። እዚያ ብሳሳት ጦሜን አድራለሁ። የቱ ይሻልሻል?»

ገበያነሽ ተነስታ ወደ ፋንታዬ ቤት ሄደች። ምን እንደተነጋገሩ አይታወቅም፤ ስትመለስ ግን ፋንታዬም አብራት መጥታ ልጂቱን ስትመርቃት አመሸች። በማግስቱ ገበያነሽ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መምህር አንዱዓለምን አገኘችው። ዝግጁ ናት ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ትሂድ» አለች። «ግን ለምታስተናግዳት ሴትዮ ይንገሯት። ሁለት ጊዜ ትጠይቃት።»

መምህሩ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። እንዳለችውም በኢሜይል ነገራቸው።

እስከዳር በግንቦት መጨረሻ ሄደች። የተቀበለቻት ሴትዮ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ የተነገራትን ነገር በጥንቃቄ የምትፈጽም ሰው ነበረች። የመጀመሪያው ማታ ድንች በዓሣ አቀረበችና ትበላ እንደሆን ጠየቀቻት። እስከዳር ልቧን አጠንክራ እሺ አለች። ሴትዮዋም የደባርቋን እናት አደራ አስታውሳ፣ በፈገግታ፣ በእርግጥ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ደገመችላት።

እስከዳር ደነገጠች። አንዴ እሺ ያለች ልጅ ዳግመኛ ስትጠየቅ፣ ስግብግብነቷ ታወቀባት ማለት ነው። አፍራ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። ሴትዮዋም ቃሏን አክብራ ሳህኑን አነሳችላት።

ቁርስ ላይ ይኸው ሆነ። ምሳ ላይም። ሴትዮዋ ልጂቱ ናፍቆት ይዟት ይሆናል ብላ ተጨንቃ ሁለቱን ጥያቄ ሦስት አደረገችው፤ እስከዳር ደግሞ በየጥያቄው ይበልጥ ተሳቀቀች። መጠየቁ በዛ እንጂ እህል አልቀረበም። ማታ ሴትዮዋ ድስቱን ይዛ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልትጀምር ስትል እስከዳር በማንም ሰው ቤት፣ በአክስቷም ቤት እንኳ፣ ከአፏ አውጥታው የማታውቀውን ቃል በእንግሊዝኛ ተናገረች። ርቦኛል አለች።

ሴትዮዋ አንድም ነገር አልጠየቀቻትም፤ ሳህኗን ሞላችላት። ከዚያ በኋላ ሲተዋወቁ፣ ሁለቱም ያሰቡትን ሲነጋገሩ፣ ሴትዮዋ እስክታነባ ሳቀች።

ደምለው ልጁን ጎንደር ድረስ ሄዶ ተቀበላት። ይህን የርሃብ ታሪክ የነገረችው ለእሱ ነው፤ ለእናቷ እንዳይነግር አስምላዋለች። ለእናቷና ቤቱን ለሞላው ጎረቤት ያወራችው ስለ ፀሐይዋ ነው። እራት ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ሰው ተኝቶ እንኳ አትጠልቅም አለች። ፋንታዬ ታዲያ ሰርክ ጸሎት በስንት ሰዓት ያደርሳሉ ብላ ጠየቀች፤ እስከዳር አላወቀችም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ደምለው ሲያመነታ የቆየውን ነገር ጠየቃት። እዚያ ተራራ አለ ወይ?

እስከዳር አስባ፣ አንድ ቀን ተራራ ልናሳያችሁ ብለው ወስደውናል አለች። ሰዎቹ ዱላ ይዘው፣ ወፍራም ጫማ አድርገው፣ ውኃ ተሸክመው ነው የወጡት። ከጫፉም ፎቶ ተነሱ።

«እና?» አላት።

«አባዬ፣ እኛ ብንሆን ስም እንኳ አናወጣለትም ነበር።»

በማግስቱ ካምፕ ላይ አንድ አዛውንት ፈረንጅ እያለከለከ አረፍ ሲል ደምለው ከወትሮው ይልቅ ብዙ ጠበቀው፤ ቆሎም ዘገነለት።